«ለምን አልነገርሽኝም?»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። የምተዳደረው በሂሳብ ሠራተኛነት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የባሃኢን እምነት ተቀበልኩ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ያኔ ብዙ አልቅሳለች፤ ዛሬ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነጠላዋን አጥቤ የማቀርብላት እኔ ነኝ፤ ተግባብተን እንኖራለን።

መስከረም ላይ፣ በእምነታችን የሚሰጠውን የመምህርነት ሥልጠና እንደጨረስኩ፣ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሆነን ለሰፈሩ ልጆች ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ትምህርት ጀመርን። በአራት ልጆች ጀምረን ለጥምቀት 17 ደረሱ። ሳሎናችን አልበቃ ሲል ወደ ኮሙናሉ ወረድን። አጭር ጸሎት ያጠናሉ፣ ይዘምራሉ፣ ስለ እውነተኛነት፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ልግስና ታሪክ ይሰማሉ፣ ይጫወታሉ፣ በመጨረሻም ሥዕል ይቀባሉ። መብራት የጠፋ ቀን ደረጃው ላይ ተደርድረው ሲዘምሩ ሰዎች ከአራተኛ ፎቅ ወርደው ያዳምጡ ነበር። አንዲት ሙስሊም እናት «ልጆቼ ሲጣሉ ይቅርታ መባባል ጀመሩ» ብላ ሞቅ ያለ ዳቦ አመጣችልኝ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ጓደኛዬ ሥራ አግኝታ ወደ ዱባይ ሄደች፤ ብቻዬን ቀረሁ። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለ። ይማታል፣ እርሳስ ይቀማል፣ ሌሎቹ ሲዘምሩ ይጮኻል። እናቱ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ናት፤ አባቱ አብሯቸው የለም። እሱን ሳረጋጋ ሌሎቹ ይበተናሉ። አንዳንድ ቅዳሜ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ደግሞ የከፋው መጣ። ከሁሉም ጎበዟ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ማታ ልትተኛ ስትል እኛ ዘንድ ያጠናችውን ጸሎት እናቷ ፊት ደገመችው። እግዚአብሔር እንዲመራት፣ እንዲጠብቃት፣ እንደ መብራትና እንደ ኮከብ እንድታበራ እንዲያደርጋት የምትለምንበት ጸሎት ነው። እናቷ «ይህ የየት ጸሎት ነው?» ብትላት «የባሃኢ» አለቻት። በማግስቱ እናትየዋ በራችን ላይ ቆማ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ሄደች። እውነቱን ለመናገር፣ ስጀምር ለወላጆች «መልካም ሥነ ምግባር የሚማሩበት ነው» ብዬ ነበር። ውሸት አይደለም። ባሃኢ መሆኔን የሚያውቁም፣ የማያውቁም ነበሩ። በሳምንቱ የመጡት ሦስት ልጆች ብቻ ናቸው፦ የሙስሊሟ እናት ሁለት ልጆችና ያ የሚማታው ልጅ።

አንድ የእምነት ወንድሜ «ፈተና ነው፣ ታገሺ» ይለኛል። ሌላዋ «እዚያ ሰፈር በቃሽ፤ ሌላ ቦታ በአዲስ ልጆች ጀምሪ» ትላለች። እናቴ «ለሰው ልጅ ብለሽ ከጎረቤት አትጣዪ» ትለኛለች። ልጅቷ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ትምህርቱን ልዝጋው?

የሰፈር መምህርቷ

—

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ በሩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ያቺ እናት አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፣ የሕንፃውን ሰው አልሰበሰበችም። አንድ ጥያቄ ጠይቃ ሄደች። ትምህርቱ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚለውን ቆይተን እንነጋገርበታለን። ጥያቄዋ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ ሳያገኝ ቆይቷልና ከእሱ እንጀምር።

ከዚያም በፊት ከማን ጋር እንደምትነጋገሪ ልንገርሽ። እኔ ባሃኢ አይደለሁም። በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ሦስት ልጆች ያሳደግሁ ኦርቶዶክስ ነኝ። ስለዚህ ከምጽፍልሽ ግማሹን የምጽፈው በዚያች እናት ቦታ ሆኜ ነው።

ሁለተኛው ልጄ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ከጎረቤት ቤት አዲስ መዝሙር ይዞ መጣ። ጎረቤቴ ፕሮቴስታንት ናት፤ ደግ ሴት ናት፤ ልጆቼን ስንት ቀን አብልታልኛለች። በመዝሙሩ ቃል ውስጥ የሚያስከፋ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ሆኖም አንድ ሳምንት ሙሉ ሰላም አላልኳትም። ልጄ በእኔ ቤት ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር ይዞ መገኘቱ ነበር የቆረቆረኝ። በስምንተኛው ቀን ራሷ መጣች፤ «ሳልጠይቅሽ ነው ያስተማርኩት፤ አጥፍቻለሁ» አለችኝ። ልጄን ወደ መዝሙሩ መልሼ አልላክሁትም። እኔና እሷ ግን ይኸው ሃያ ዓመት ሊሆነን ነው፤ ቡና ተለያይተን ጠጥተን አናውቅም።

የምነግርሽ ያቺ እናት ምን እንደተሰማት የማውቅ ስለሚመስለኝ ነው። በጸሎቱ ቃል የተቆጣች አይመስለኝም። ልጇ መብራትና ኮከብ እንድትሆን የሚለምን ጸሎት ሰምታ አሜን የማትል እናት የለችም። ነገር ግን በእኛ አገር ለልጅ ጸሎት ማስተማር ከሁሉ አስቀድሞ የወላጅ ሥራ ነው። ማማተብን፣ አባታችን ሆይን ከእናቱ ጉልበት ሥር ይማራል። ሙስሊሟም ልጇን አል-ፋቲሐን የምታስጠናው እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ወላጁ እጁን ይዞ ወደ የኔታ ወይም ወደ ቁርአን ቤት ይወስደዋል፤ ለማን እንደሚሰጠው እያወቀ ይሰጠዋል። አንቺ ዘንድ ያቺ ልጅ የመጣችው እናቷ አንቺን ስላመነች ነው። የሰጠችሽ ግን ለሥነ ምግባር ትምህርት እንጂ ለጸሎት አልነበረም።

«ውሸት አይደለም» ብለሻል። እኔም ውሸታም አልልሽም። ደብዳቤሽ ራሱ የሐቀኛ ሰው ደብዳቤ ነው፤ ይህን ክፍል ዘለሽ መጻፍ ትችይ ነበር፣ አልዘለልሽም። ግማሹን ተናግረሽ ግማሹን ያስቀረሽው ፈርተሽ ይመስለኛል። ፍርሃትሽም ከመሬት አልተነሣም። የማይታወቅ የእምነት ስም በሰፈር ሹክሹክታ እንደሚያመጣ ማንኛችንም እናውቃለን፤ የገዛ እናትሽ ዕንባም ገና ከልብሽ አልደረቀ ይሆናል። እስቲ ስለዚያ ልጠይቅሽ። እናትሽ ያወቀችው ከማን ነው? ከአንቺ አንደበት ነው ወይስ ከሌላ ሰው? ከለቅሶዋ ወደ መግባባት ስትመጡስ የረዳችሁ ምን ነበር? ትከራከሪያት ነበር ወይስ በትዕግሥት ትነግሪያት? የዚህ መልስ በእጅሽ ካለ፣ ጎረቤትሽን እንዴት እንደምታነጋግሪያት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። አንድ ጊዜ ያለፍሽበት መንገድ ነውና።

ስለ እምነትሽ በግምት ላለመጻፍ ብዬ፣ ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ፣ ለረጅም ዓመታት ባሃኢ የሆኑ አንድ አዛውንት ቤት ሄጄ ነበር። ቡና አስፈልተው ብዙ አጫወቱኝ። ባሃኢዎች ካህንም ሼክም ስለሌላቸው ልጆችን ማስተማር እንደ አንቺ ባሉ ምእመናን ላይ እንደሚወድቅ፤ አንቺ የወሰድሽው ዓይነት የመምህራን ሥልጠና ኮሎምቢያ ውስጥ ተጀምሮ በብዙ አገር እንደተዳረሰ፤ የልጆቹም ትምህርት ለየትኛውም እምነት ቤተሰብ ልጅ ክፍት እንደሆነ ነገሩኝ። ሰውን እየጎተጎቱ ወደ እምነት ማስገባት በእናንተ ዘንድ የተከለከለ መሆኑንም ሰማሁ። የባሃኢ ቤተሰብ ልጅ እንኳ 15 ዓመት ሲሞላው እምነቱን ራሱ አምኖበት ማረጋገጥ አለበት እንጂ እንደ ርስት አይወርሰውም አሉኝ።

ይህን ስሰማ አዘንኩልሽ። አንዲት እናት በሥጋት ላይ ሳለች ልትሰማው የምትፈልገው ይህንኑ ነው፦ ልጄን ከእምነቷ ልትወስጂብኝ አይደለም፣ አትጎተጉቻትም፣ የማትፈልገውን አታስገድጃትም። የሚያረጋጋው ቃል ሁሉ ከዚያ ካልተናገርሽው ስም ጋር አብሮ ተደበቀ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ በአንቺ ቤት ግን የጠራው በአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አፍ፣ በመኝታ ሰዓት ሆነ። ለልጅቷም ከባድ ነበር። ጎበዝ ተብላ የተመሰገነችበትን ነገር ይዛ ሄዳ ቤቱን ያናጋች መሰላት። ደረጃው ላይ አንገቷን የምታስደፋት ጥፋት አጠፋሁ የሚለው ስሜት እንጂ አንቺን መጥላት አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደዚያች እናት ሂጂ። አሁን ፍልሰታ ነው፤ ጾመኛ ከሆነች ኬክ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ቆሎ ይበቃል። ቅዳሜ አትሁን፤ የትምህርቱ ቀን ስለሆነ ልጅ ልትጠሪ የመጣሽ ይመስላታል። ልጆቹ በሌሉበት፣ ወይም ሌላ ክፍል ባሉበት ሰዓት ይሁን። ብቻሽን ሂጂ፤ ከእምነትሽ ሰዎች ማንንም አታስከትዪ። ሁለት ሆናችሁ ከመጣችሁ ሽምግልና ይሆንባታል።

ምን እንደምትያት ከጨነቀሽ በእኔ አፍ እንዲህ ይወጣል፦ «የጠየቅሽኝን ጥያቄ ልመልስ ነው የመጣሁት። እኔ ባሃኢ ነኝ። ልጆቹ የሚያጠኑት ጸሎት የባሃኢ ጸሎት ነው። መጀመሪያውኑ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ከዚያ ዝም በይ። «ግን» የምትል ቃል አታስከትዪ። ልትቆጣ ትችላለች፤ ተቀምጠሽ ስሚያት። ከጠየቀችሽ የምታስተምሪበትን መጽሐፍ አሳያት፤ ሥዕሎቹንም፣ ታሪኮቹንም ታገላብጣቸው። ካልጠየቀች ከቦርሳሽ አታውጪው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። «እኛም ክርስቶስን እናከብራለን፤ ያው አንድ ነው» አትበያት። እናንተ ክርስቶስንም፣ ሙሴንም፣ ነቢዩ መሐመድንም ከእግዚአብሔር የመጡ አድርጋችሁ እንደምታከብሩ አውቃለሁ፤ እውነት ነው፣ መልካምም ነው። ለእሷ ግን አንድ አይደለም። ክርስቶስ ለእሷ አምላክ ነው። ልዩነቱን አንስተሽ ብትደብቂባት ሁለተኛ ጊዜ ደበቅሽ ማለት ነው። «እዚህ ላይ እንለያያለን፤ ልጅሽ ዘንድ ግን ይህን አንስቼ አላስተምርም» ብትያት ይሻላል፤ እንዲያ ማለት የምትችይው ግን እውነት ከሆነ ብቻ ነው። ከመሄድሽ በፊት ትምህርቶቹን አንድ በአንድ ገልጠሽ እርግጠኛ ሁኚ።

ልጇ እንድትመለስ አትጠይቂያት። ይህ ከሁሉ ይከብድሽ ይሆናል። ነገር ግን ልጅቷን ለማስመለስ ከሄድሽ ይቅርታሽ መጫረቻ ይሆንባታል። «እሺ፣ ልጄ ግን አትመጣም» ካለችሽ «መብትሽ ነው» በያትና ቡናውን ጠጥተሽ ውጪ። የእኔ ልጅ አልተመለሰም ብዬሻለሁ። ጎረቤቴ ያንን ተቀብላ መኖሯ ነው ያቀራረበን።

በዚያው ሳምንት ውስጥ ወደ ሁለት ቤቶች ደግሞ ትሄጃለሽ። ዳቦ ያመጣችልሽ ሙስሊሟ እናት ታውቃለች? አልጻፍሽልኝም። ልጆቿ መምጣታቸውን አለመተዋቸው የማወቋ ማስረጃ አይደለም። ከጎረቤት ወሬ ሳትሰማ አንቺ ቀድመሽ ንገሪያት። የእንጀራ ጋጋሪዋን ደግሞ ምጣዱ ከወረደ በኋላ፣ ማታ አግኛት። ሥራ የበዛባት እናት ልጇ የሆነ ቦታ መዋሉ ስለሚያሳርፋት ብዙ አትጠይቅ ይሆናል፤ ስላልጠየቀች ግን አያገባትም ማለት አይደለም። ሦስቱ ልጆች ሁለት ሊሆኑ፣ ወይም አንድም ላይቀር ይችላል። ይህን ሥጋት አላቃልልብሽም። ቢሆንም ዐውቀው የላኩልሽ ሁለት ልጆች፣ ሳያውቁ ከላኩልሽ 17 ልጆች ይልቅ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጡሻል።

«ፈተና ነው፣ ታገሺ» ስላለሽ ወንድም ላንሣ። በቅንነት እንዳለው አልጠራጠርም፤ በዚህ ግን አልስማማም። አዛውንቱ ስለ እውነተኛ ፈተና አጫውተውኛል። ቴህራን ውስጥ ባሃኢዎች ታርቢያት የሚባሉ ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው፤ ለሴት ልጆች የተከፈተው ሥራ የጀመረው በ1911 ነው። በ1934 መንግሥት ዘጋቸው። ከኢራን አብዮት በኋላ ደግሞ ባሃኢ ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ ሲከለከሉ ማኅበረሰቡ በ1987 የራሱን ከፍተኛ ትምህርት ጀምሮ፣ ተማሪዎች በሰው ሳሎን እየተሰበሰቡ ተምረዋል። ግብፃዊው ሳብሪ ኤልያስ እምነታችሁን ይዘው አዲስ አበባ የገቡትም ቴህራን ላይ በሩ በተዘጋበት በዚያው ዘመን ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። እነዚያ የኢራን ሰዎች ተሳድደዋል። አንቺ ግን አልተሳደድሽም። አንዲት እናት ተገቢ ጥያቄ ጠየቀችሽ። ነገሩን ፈተና ብለሽ ከሰየምሽው እሷ አሳዳጅሽ ትሆናለች፤ አንቺም ይቅርታ የምትጠይቂበት ነገር አይኖርሽም። የሚጎዳሽ ይህ ስያሜ ነው።

«ሌላ ሰፈር ጀምሪ» ስላለችሽ እህት የምለው አጭር ነው። ሌላ ሰፈር ብትሄጂም የመጀመሪያው ቀን ለወላጆች ምን እንደምትያቸው መወሰን ይኖርብሻል። እዚህ ተለማመጂው።

ሦስተኛ ምክር የሚሰጥሽ ሰው እንደማይጠፋም እገምታለሁ፦ ጸሎቱን አውጪው፣ የባሃኢ ስም አይነሣ፣ ንጹሕ የሥነ ምግባር ትምህርት ይሁን የሚል። ይቻላል፤ ነውርም የለውም። ግን ሙሉ በሙሉ እንደዚያ ማድረግ ትችያለሽ? ደብዳቤሽን ሳየው ልብሽ ያለው በጸሎቱ ላይ ነው። ከሆነ ትምህርቱን በስሙ ጥሪው፤ የማይፈልግ ወላጅ ይተወዋል፣ የፈለገ ይልካል። ልጄ ይምጣ፣ ጸሎቱን ግን አያጥና ለሚል ወላጅም ቦታ ይኑርሽ። ሌሎቹ ሲጸልዩ ልጁ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ቤቱ የተማረውን በልቡ ይበል።

አሁን ወደሚማታው ልጅ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ከጨረስኩ በኋላ ከራሴ ያልወጣው እሱ ነው። እስቲ አስቢው፤ 14 ልጆች ሲቀሩ እሱ መጣ። ዝናብ ባለበት በሐምሌ ቅዳሜ ማንም ሳይጠራው መጣ። ያስለቀሰሽ ልጅ ካልተዉሽ ከሦስቱ አንዱ ነው። ምን ፈልጎ የሚመጣ ይመስልሻል? እኔ እንደምገምተው በሳምንት ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ስሙን ጠርቶ የሚያናግረው ያ የቅዳሜ ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ የሚጮኸውም ያ ሰዓት ለ17 ሲከፋፈል ስላልደረሰው ሊሆን ይችላል። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» እንላለን። የእሱ ንፍጥ ቡጢው ነው።

የእምነታችሁ መሥራች ባሃኦላህ የሰውን ልጅ የከበሩ ድንጋዮች ከሞሉበት ማዕድን ጋር አመሳስለው እንደጻፉ፣ ድንጋዩን የሚያወጣው ትምህርት ነው እንዳሉ አዛውንቱ ሲነግሩኝ ወዲያው የታወሱኝ የደላንታ ልጆች ናቸው። ወሎ ደላንታ ላይ ኦፓል የሚያወጡት ወጣቶች ገደል ላይ ተንጠልጥለው በእጅ መሣሪያ ሲቆፍሩ ይውላሉ፤ ባዶ እጃቸውን የሚገቡበት ቀን ብዙ ነው። ያገኙት ድንጋይ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ጭቃ የለበሰ ተራ ድንጋይ ነው። አሁን ሦስት ልጆች ብቻ ስላሉሽ ለእሱ የሚሆን ጊዜ አለሽ፤ በጥር ወር ይህ ጊዜ አልነበረሽም።

ሥራ ስጪው። ከ9 ሰዓት 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ ይምጣና ምንጣፉን ያንጥፍልሽ፤ ባለ ቀለም እርሳሱን እሱ ያከፋፍል። የሚቀማው ልጅ አከፋፋይ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ አይተሽ ጻፊልኝ። ሲማታ ግን ቸል አትበይ፤ ትንንሾቹ ከእሱ ቡጢ መጠበቅ አለባቸው። «ቁም» በይው፣ ከጎንሽ አስቀምጪው፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ብቻውን አናግሪው። በሌሎቹ ፊት አታሳፍሪው፤ ከክፍሉም አታባርሪው። ወደ እናቱ ስትሄጂ ደግሞ ክስ ይዘሽ አትሂጂ። እስቲ ባለፉት ወራት ያየሽበትን አንድ መልካም ነገር አስታውሺ፤ አንድ ይጠፋል ብዬ አላምንም። በዚያ ጀምሪ። ያቺ ሴት ስለ ልጇ ምስጋና ከሰማች ስንት ጊዜ ሆኗት ይሆን?

ስለ አንቺም ልጠይቅ። ደክሞሻል ወይስ አፍረሻል? ሁለቱ በአንድ ላይ ሲመጡ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ይለያያል። ለእፍረቱ መድኃኒቱን ነግሬሻለሁ፤ ደረጃ ወርደሽ የዚያችን ቤት በር ማንኳኳት ነው። ድካሙ ግን ብቻሽን በመሥራትሽ የመጣ ነው፤ ይህን በትዕግሥት ብቻ አትወጪውም። ሳምንቱን ሙሉ ሂሳብ ስትሠሪ ውለሽ ቅዳሜን ለ17 ልጆች ብቻሽን መቆም ማንንም ያደክማል። በዚያ ላይ ብቻዋን ከሰው ልጆች ጋር የምትውል አስተማሪ ለወላጅም፣ ለራሷም ጥሩ አይደለም። ሁለተኛ ትልቅ ሰው ሳይኖር አታስተምሪ። ከእምነትሽ ሰዎች አንዱን ጠይቂ፤ «ታገሺ» ያለሽ ወንድም ራሱ ቅዳሜ መጥቶ ምንጣፍ ቢያነጥፍ ምን ይለዋል? ካልተገኘ ከሦስቱ ልጆች እናቶች አንዷ ስፌቷን ይዛ ጥግ ላይ ብትቀመጥ ይበቃል። የኮሙናሉ በር ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ የፈለገ ወላጅ ሳያንኳኳ ገብቶ ይይ፣ ይስማ። ሰዓቱንም አሳጥሪው። ለሦስት ልጆች አንድ ሰዓት ሙሉ ነው።

ልዝጋው ወይ ላልሽው እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይኸውልሽ። ወላጆቻቸው አውቀው ከላኳቸው ከሦስቱ ጋር ክረምቱን በትንሹ ቀጥዪ፤ እነሱ የሠሩት ጥፋት የለምና በሩ አይዘጋባቸው። ለሌላው ሰፈር ግን እስከ አዲስ ዓመት አትጥሪ። እስከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጂ፦ ትምህርቱ የማን እንደሆነ፣ ምን ጸሎት እንደሚጠና፣ ምን ታሪክ እንደሚነገር፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮሽ የሚያስተምረውን ሰው። ባሃኢ የሚለው ቃል በመጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን፤ ከታች አትሸሽጊው። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ቡና አፍልተሽ ወላጆችን ብቻ ጥሪ፤ ልጆቹን አትጥሪ። ወረቀቱን አንብቢላቸው፤ የጠየቁሽን መልሺ። ምናልባት ሁለት ሴቶች ብቻ ይመጡ ይሆናል። ይምጡ። እናትሽንም አስቀምጫት። ልጇ ሃይማኖት ስትለውጥ ያለቀሰች፣ ዛሬም ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ እናት እዚያ ቡና ስትቀዳ ማየት፣ ወረቀቱ የማይነግራቸውን ይነግራቸዋል። እሺ ካለች ብቻ ነው፤ አስቀድመሽ ጠይቂያት።

የካቲት ማብቂያና መጋቢት መጀመሪያ ላይ የእናንተ የ19 ቀን ጾም አለ፤ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገናኛል፤ በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ከረመዳን ጋርም ተገጣጥሟል። በአንድ ደረጃ የምትወጡና የምትወርዱ ሴቶች ሁላችሁም ጾመኛ የምትሆኑበት ወቅት ነው። ናውሩዝ የሚውለው መጋቢት 11 ወይም 12 ስለሆነ፣ እስከዚያ ነገሩ ከረጋ፣ ጎረቤቶችሽን «የእኛ አዲስ ዓመት ነው» ብለሽ በስሙ ልትጠሪያቸው ትችያለሽ። ለኦርቶዶክሶቹ የጾም ምግብ ለይተሽ አቅርቢ።

ልጅቷን በተመለከተ፣ ከእናቷ ጋር ሳትነጋገሪ ብቻዋን አግኝተሽ አታባብያት፤ ስለ ጸሎቱም አታንሺባት። እናቷን ስታነጋግሪ ግን ከይቅርታሽ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለምኛት፦ «ልጅሽ ያጠፋችው ነገር የለም። እኔ ብነግራት ቅር ይልሽ ይሆናል፤ አንቺ ንገሪልኝ።» ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ስታገኚያት እንደ ቀድሞው በስሟ ጠርተሽ ሰላም በያት፤ እናቷ ከጎኗ ካለች መጀመሪያ እናቷን።